ልምድ ለኮሌጅ ይቆጠራል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በርና መስኮት ስበይድ 11 ዓመት ሆኖኛል። ትምህርቴን ያቆምኩት ከ10ኛ ክፍል ነው። ልምዴ ተቆጥሮልኝ የኮሌጅ ወረቀት ማግኘት እችላለሁ?
የብየዳ ሠራተኛ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ዓመቱ ብቻውን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መዛኝ ፊት ሠርተው የሚያሳዩት ነው። ለእርስዎ የሚሆነው መንገድ ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ነው። ኮሌጅ ገብቶ ያልሠለጠነ ሰውም በልምዱ ይመዘናል።

ከመመዝገብዎ በፊት የሙያ ደረጃውን ቅጂ ከምዘና ማዕከል ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይጠይቁ። ሥራው አንድ በአንድ ተዘርዝሮበታል። ከእያንዳንዱ ተግባር ጎን «እሠራዋለሁ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ነክቼው አላውቅም» እያሉ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። «ነክቼው አላውቅም» የበዛበትን ሌቭል (የብቃት እርከን) ይተዉት። 11 ዓመት ሠርቻለሁና ሌቭል 4 ይገባኛል ብሎ መነሳት ብዙውን ጊዜ የምዘናውን ክፍያ ያስበላል፤ ሌቭሉ ከፍ ባለ ቁጥር ዕቅድ ማውጣት፣ ሰው ማሠራትና ጥራት መቆጣጠር ይበዛበታልና።

ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው። ባለልምዱን የሚጥለው ብዙ ጊዜ እጁ አይደለም። ጓንትና የብየዳ መነጽር ሳያደርግ ይጀምራል፣ ሥዕሉን ሳያነብ በዓይን ግምት ይቆርጣል፣ «ለምን በዚህ አምፔር?» ሲባል «እንዲህ ነው የምንሠራው» ይላል። የሚጠበቀው መልስ ይህን ይመስላል፦ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኢ 6013 ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከ60 እስከ 90 አምፔር አካባቢ ይበቃል፤ ሲበዛ ጠርዙን ይበላል ወይም ይበሳል፣ ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብየዳውም ላይ ላዩን ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው፦ ክረምት ላይ ተከፍቶ የከረመ የኤሌክትሮድ ፓኬት እርጥበት ይስባል፣ ብየዳውም በአረፋ ቀዳዳ ይሞላል። ያንን ቀዳዳ አይቶ ምክንያቱን የሚናገር ሰው ሙያውን አስመስክሯል።

ሲኦሲ ግን ዲግሪ አይደለም፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም ኮርስ ያስቀንስልኛል ብለው አይቁጠሩ። እኛ ጋ «ኤግዘምፕሽን» የሚባለው በአብዛኛው ቀደም ሲል በሌላ ኮሌጅ ተወስዶ ትራንስክሪፕት ላይ ለሰፈረ ኮርስ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ባለ ሆቴል በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። አሁን አሜሪካ እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ እዚያ ልምድ ለኮሌጅ ክሬዲት ይሆናል ይባላል። ከዚህ ምን ይዤ ልሂድ?
ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን ክሬዲት የሚሰጠው የሚማሩበት ኮሌጅ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣትዎ በፊት ምን ያህል እንደሚቀበልና ስንት ክሬዲት እዚያው መማር ግዴታ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንዱ መንገድ ፈተና ነው። ክሌፕ፣ ማለትም ኮርሱን ክፍል ገብቶ ሳይማሩ ተፈትኖ ክሬዲት የሚገኝበት የአሜሪካ ፈተና፣ ከ1967 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ አለ፤ የፋይናንሻል አካውንቲንግ ፈተናም አለው። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን እንዲቆጠር የሚመከረው 50 ነው፤ ከፍ ያለ የሚጠይቁ ኮሌጆችም አሉ። የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና ለመድገም 3 ወር ይጠብቃል። በክሌፕ አማርኛ የለም። ኦፒአይ የተባለው የቋንቋ ችሎታ የቃል ፈተና ግን በአማርኛም ስለሚሰጥ ኮሌጁ ይቀበለው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ የአገራችን ልጆች ይህን ሳይጠይቁ ያልፉታል።

ሁለተኛው ፖርትፎሊዮ ነው፦ የሚያውቁትን ከኮርሱ ይዘት ጋር እያገጣጠሙ ጽፈው ማስረጃ ያያይዛሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳተው የሚበዛው የሥራ ድርሻውን ስለሚተርክ ነው። «የባንክ ሒሳብ አስታርቅ ነበር» ክሬዲት አያስገኝም። «መዝገባችን 48,200 ብር፣ የባንኩ መግለጫ 53,700 ብር ያሳያል፤ የ5,500 ብር ልዩነት የመጣው ቼኩ ተጽፎ ከመዝገብ ቢቀነስም ተቀባዩ ገና ስላልመነዘረው ነው፤ ስለዚህ የሚስተካከለው የባንኩ ሒሳብ እንጂ መዝገቡ አይደለም» ቢሉ ግን ገምጋሚው እውቀትዎን ያያል።

ከመሄድዎ በፊት የልምድ ደብዳቤውን ያስተካክሉ። እኛ ጋ የተለመደው ደብዳቤ የሥራ መደብና ደመወዝ ጠቅሶ፣ «በመልካም ሥነ ምግባር» ብሎ ይዘጋል። የሠሯቸው ተግባራት እንዲዘረዘሩ፣ ሙሉ ጊዜ መሆኑ እንዲገለጽና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ይጠይቁ። ከመስከረም 2008 እስከ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሠራ ሰው በአውሮፓውያን ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ጁላይ 2022 ይላል፤ ልዩነቱ በመስከረም ወር 7 ዓመት፣ በሐምሌ ወር 8 ዓመት ነው። በደፈናው 8 የደመረ ሰው ደብዳቤውና ሲቪው ይጋጩበታል። የስምዎ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የድርጅቱን ሰነድ ለናሙና ሲወስዱ አስፈቅደው፣ የደንበኛ ስም ሰርዘው ይሁን።

ጥያቄ፦ የሥራ ልምዴን ብቻ አይቶ በአንድ ሳምንት ዲግሪ የሚልክ የውጭ «ዩኒቨርሲቲ» በቴሌግራም አገኘሁ። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። እውነተኛ ኮሌጅ በልምድ ጥቂት ኮርስ ቢያስቀር ነው እንጂ ሙሉ ዲግሪ አይሸጥም። ወረቀቱ ቢመጣም ለሥራ ሲያቀርቡት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይጠየቅበታል፤ የሚቆመውም እዚያ ላይ ነው።