ዓሳው ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣ 31 ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ሐዋሳ። ሰሃን ከማጠብ ጀምሬ በዋና ሼፍነት ጡረታ ወጣሁ። በእጄ ያለፈውን ቆሮሶ ማን ቆጥሮት! ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዓሳ ነው፤ ደግሞም ዝም በማለቴ ስለጎዳሁት አንድ ልጅ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ሠልጣኜ ሱሺ የሚባለውን፣ በሩዝ የሚሠራ የጃፓን ምግብ የሚሸጥ ቤት ከፈተ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ አሁን የለም። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቢላ አያያዙን ሳይ ደስ የሚለኝ። አዲስ አበባ ጥቂት ወር ተምሮ መጣ፣ አባቱ ያጠራቀሙትን ሰጡት፣ የቀረውን ተበደረ። «እትዬ፣ እርስዎ መጥተው ካልቀመሱልኝ የተከፈተ አይመስለኝም» አለኝ። ሁለቱን የእህቴን ልጆች ይዤ ሄድኩ።

ቤቱ ያምር ነበር። ሜኑው ላይ ከ40 በላይ ዓይነት ተጽፏል። አስተናጋጇን ስለ አንዱ ስጠይቃት ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣች። ስለ ሁለተኛው ስጠይቃት ተሸማቀቀች፣ ተውኳት። ብዙ ጠብቀን ምግቡ መጣ። ሩዙ ከፍሪጅ የወጣ ነው፤ ደርቆ ይፈረፈራል። ጥቅልሉ ገና በቾፕስቲክ ሲነሳ ተበተነ። ይሄ ሁሉ ይታለፋል እንበል። ዓሳው ላይ ግን ቆም አልኩ። ሜኑው «የባሕር ዓሳ» ይላል፣ እኔ የማየው ቆሮሶ ነው። መሐሉ ላይ ያለችውን ቀይ መስመር እንኳን እኔ፣ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ዓሳ የሚበልቱት ትንንሽ ልጆችም አይስቷትም። የሐይቅ ዓሳ፣ ጥሬውን፣ በሌላ ስም።

ልጆቹ ፎቶ አነሱ። ትንሿ አንዱን በግድ ዋጠች፣ ሁለተኛውን በሶፍት ጠቅልላ ሰሃኑ ሥር ደበቀችው። ሠልጣኜ ከወጥ ቤት ወጣ። «እትዬ፣ እንዴት ነው?» ፊቱ በደስታ ያበራ ነበር።

«እጅህ ይባረክ» አልኩት።

ከወር በኋላ ተመለስኩ፣ ምናልባት አስተካክሎት ይሆናል ብዬ። ብሶበት ነበር። ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ መሰለኝ ዓሳው ትንሽ ይሸታል። «በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ ሻይ ብቻ ጠጣሁ። ከጎኔ አራት ወጣቶች ልደት ያከብራሉ፣ ከምግቡ ግማሹን አልነኩትም። አስተናጋጇ መጥታ ምግቡ እንዴት ነበር ስትላቸው አራቱም «ቆንጆ ነው» አሏት። ከፈሉ፣ ቲፕም ትተው ወጡ። በዚያው ቀሩ።

በሰባተኛው ወር ቤቱ ተዘጋ።

አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ቡና እያፈላሁ ነበር። «እትዬ፣ ምኑ ነው የበላኝ? ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው ይለኝ ነበር» አለኝ። ነገርኩት። ሩዙንም፣ ዓሳውንም፣ ሜኑውንም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ያኔ የመጀመሪያው ቀን አውቀውት ነበር?» አለ። አዎ አልኩት። ቶናውን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ። ያ ሞልቶ የቀረ ስኒ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

እንግዲህ ያን ምሽት ለእሱ መንገር የነበረብኝን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሳ ማለት አይደለም። ሱሺን ሱሺ የሚያደርገው በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተለወሰው ሩዝ ነው፤ ቃሉም የመጣው ከኮምጣጣነት ነው። ላዩ ላይ እንቁላል፣ ኪያር፣ የበሰለ ዓሳ ቢሆን ያው ሱሺ ነው። ሲጀመርም ዓሳ ማቆያ ዘዴ ነበር። ጃፓን ውስጥ ቢዋ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። የዚያ አገር ሰዎች የሐይቃቸውን ዓሳ ለወራት በጨው ያቆዩታል፣ ከዚያ ከበሰለ ሩዝ ጋር አሽገው ዓመትና ከዚያም በላይ ያብላሉታል፤ ልክ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚብላላው። ፉናዙሺ ይባላል፣ ዛሬም ይሠራል። እኛ ፎቶ ላይ የምናየው፣ በእጅ የተጨበጠ ሩዝ ላይ ዓሳ የሚደረግበት፣ በፈረንጆች 1820ዎቹ አካባቢ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ የተለመደ ነው። ያኔ ማቀዝቀዣ አልነበረም። ስለዚህ ዓሳውን በሶያ ሶስ ወይም በአቼቶ ያሹት ነበር። አያችሁ፣ እነሱም ያላቸውን ይዘው ነው የጀመሩት።

ሩዙ አጭርና የሚጣበቅ ዓይነት መሆን አለበት። ለሩዝ በአትክልት የምንጠቀምበት ረጅሙ አይያያዝም፤ ለዚህ ነው ጥቅልሉ የሚበተነው። ሲቀርብ ደግሞ ለብ ያለ፣ እንደ ሰውነት ሙቀት መሆን አለበት። ፍሪጅ ያደረ እንጀራ ምን እንደሚሆን እናታችሁ ቤት አይታችኋል፤ ሩዝም ያው ነው። ማታ የተረፈውን ለነገ ማሳደር የለም። ቤቱን ለመገመት እኔ መጀመሪያ የማየው ሩዙን ነው። ለሩዝ ያልተጨነቀ ሰው ለዓሳውም አይጨነቅም።

አሁን ስለ ጥሬው ዓሳ፣ እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የሐይቅ ዓሳ ውስጥ ጥገኛ ትል አለ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ በቢላዬ ጫፍ አውጥቻለሁ። አሞራ ገደል ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ «እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም» የሚለኝም ብዙ ነው። አዋዜ ትል አይገድልም። ሎሚም፣ ሚጥሚጣም፣ ያ ከሱሺ ጋር የሚቀርበው የሚያቃጥል አረንጓዴ ዋሳቢም አይገድልም። ዓሳ ጥሬውን ለማቅረብ የሚታወቀው መንገድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ነው፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ እስኪጠጥር አቀዝቅዞ እዚያው 15 ሰዓት ማቆየት። ብዙው የቤት ፍሪጅ እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም መብራት እየሄደ እየመጣ ሰባት ቀን ሙሉ አይቆይም። ጄኔሬተርና ደህና ዲፕ ፍሪዘር የሌለው ቤት ጥሬ ዓሳ ባይነካ ይሻለዋል። ደግሞም በረዶ ትሉን እንጂ የተበላሸን ዓሳ አያድንም። ቱና በተለይ ሙቀት ውስጥ ከቆየ ሂስታሚን የሚባል ነገር ያፈራል። ሽታም ላይኖረው ይችላል፣ ቢቀቅሉት ቢጠብሱትም አይጠፋም። የበላው ሰው ፊቱ ይግላል፣ ያሳክከዋል፣ ራሱን ያመዋል።

ጃፓኖች ራሳቸው የአካባቢያቸውን ሳልመን በአብዛኛው ጥሬውን አይበሉም ነበር፣ እንዲህ ያለውን ትል ፈርተው። በፈረንጆች 1980ዎቹ ነው ኖርዌዮች በእርባታ ያደገውን ሳልመናቸውን ይዘው ሄደው ጥሬው ይበላል ብለው ያለማመዷቸው። በዓሳ የኖረ ሕዝብ እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ እኛ ምን አስቸኮለን?

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ እኮ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ነን። ሥጋ ቤት ስንገባ ማንንም አንፈራም። መቼ ነው የታረደው እንላለን፣ ከሻኛው ጨምርልኝ እንላለን፣ ይሄኛውን አልፈልግም ብለን ጣታችንን እንቀስራለን፣ ክትፎው ትንሽ ቀለሙ ከተለወጠ መልሱት እንላለን። ሱሺ ቤት ስንገባ ያ ሁሉ አንደበት የት ይሄዳል? ምናልባት ጣዕሙ እንዲህ ይሆናል ብለን ራሳችንን እንጠረጥራለን። አላዋቂ እንዳንባል ፈርተን የሸተተ ዓሳ እንውጣለን። የእህቴን ልጅ በኋላ ለምን ደበቅሽው ስላት «እኔ አልለመድኩትም ብዬ ነው እንጂ ጥሩ ይሆናል» አለችኝ። እኔ 31 ዓመት የሠራሁት እንኳ ያን ቀን ይሉኝታ ያዘኝ። ልጁ ቅር እንዳይለው ብዬ አባቱ ያጠራቀሙት ገንዘብ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ስለዚህ ለመብላት የምትሄዱ፣ ጠይቁ። ዓሳው ምን ዓይነት ነው፣ ከየት መጣ፣ ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ፣ በረዶ ውስጥ ስንት ቀን ቆየ። መልስ የሌለው ቤት ከሆነ የአትክልቱን እዘዙ ወይም ተነሱ። ካልጣማችሁም እዚያው፣ ገና ሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ ንገሯቸው። አስተናጋጇን አትቆጧት፣ እሷ አልሠራችውም። ወጥ ቤቱን ጥሩልኝ በሉ። ሳትናገሩ ወጥታችሁ ማታ ስልካችሁ ላይ ስም ብታጠፉ ማንም አይጠቀምም፤ የወጥ ቤቱ ሰው ገና የሚያስተካክለው ነገር እያለ ነው የሚሰማው ጆሮ የሚኖረው።

ለመክፈት የምታስቡ ደግሞ «የለም» ማለትን ተለማመዱ። ሳልመን ዛሬ አልመጣም፣ የለም። መብራት ስለጠፋ ጥሬ ነገር አናቀርብም። ይህን የሚል ቤት እኔ አምነዋለሁ። 40 ዓይነት ጽፎ በሦስት ነገር የሚያዟዙር ግን የፈለገ ቢያምር አልመለስበትም። ጠዋት ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ እያለን፣ የሲዳማ አቮካዶ እያለን ለምን እናፍራለን? ዓይኑ ጥርት ያለውን፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለሰውን መርጣችሁ ግዙ። ጥበሱት ወይም በጭስ አብስሉት፣ ከአቮካዶ ጋር ጠቅልሉት፣ ሜኑው ላይ «የሐዋሳ ቆሮሶ፣ የበሰለ» ብላችሁ ጻፉ። ባለሐይቁ ጃፓናዊ በፉናዙሺው አላፈረ፣ እናንተ ምን አሳፈራችሁ።

ልጁ ለአንድ ዓመት ያህል አልደወለልኝም። ከዚያ አንድ ቀን በሰው በኩል አድራሻ ላከልኝ። ትንሽ ቤት ነው፣ ስድስት ጠረጴዛ። ሜኑው አንድ ገጽ፣ ዘጠኝ ዓይነት፣ ጥሬ የሚባል ነገር የለበትም። ራሱ ይዞልኝ መጣ፣ ቆመ። እንዴት ነው አላለኝም፣ ዝም ብሎ ፊቴን ያያል።

ቀመስኩ። ዓሳው ጥሩ ነው። ሩዙ ለብ ብሏል፣ ተያይዟል። «ስኳሩ በዝቶብሃል፣ አቼቶውም አልተሰማኝም» አልኩት። ሰሃኑን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይዞ መጣ።