የጎንደር የቮልስ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

በቴሌግራም የምንገናኝ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ሰሞኑን የላካችሁልኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ እዚህ በአንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አባላት ይገባሉ፤ ሁለት ቀን ፎቶ አይተው ዝም ይላሉ። ቡድናችን እንዲያድግ ምን እናድርግ?

የአባላትን ቁጥር እንደ ዕድገት አልቆጥረውም። ሰው ከእኛ ጋር የሚሰነብተው መኪናው የቆመችበት ዕለት ጠይቆ የሚሠራ መልስ ካገኘ ነው። አሁን ግን «ቮልሴ አልነሳ አለች፤ ምን ይሻለኛል?» የሚል ሲመጣ አንዱ ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው)፣ አንዱ ፑንቲና (ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው)፣ ሌላው ባትሪ ይልበታል፤ ጠያቂው ግራ ተጋብቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፣ ዳግመኛም አይጽፍም።

ስለዚህ ጠያቂው በመጀመሪያ የሞተሩን ቁጥር ይጻፍልን። ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ግርጌ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ በዲ (D) ከጀመረ 1200 ሲሲ፣ በኤፍ (F) ከሆነ 1300፣ በኤች (H) ከሆነ ደግሞ 1500 ነው። ሊብሬው ሌላ ቢል አትደነቁ፤ ይህ ሞተር ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ስለሆነ በቀደሙት ባለቤቶች ዘመን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ፣ በሲሊንደራቸው ተራ ደርድሮ፣ ጫፋቸውን በፀሐይ ብርሃን ፎቶ ያንሳ። ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ እርጥብ ጥቁረት ዘይት መግባቱን፣ ነጣ ያለ ቀለም ሞተሩ ከመጠን በላይ መጋሉን ይነግረናል፤ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ችግሩን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። መፍትሔው ከተገኘ በኋላ ጠያቂው ተመልሶ ምን እንደነበረ መጻፉን ግን እንደ ግዴታ እንያዘው፤ አዲስ የሚገባው ሰው የሚያነበው እርሱን ነውና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ካንዴላዎች ሁልጊዜ ጥቁር ናቸው፤ ቤንዚንም ትጨርሳለች። ካርቡሬተሩን ልቀይረው?

አትቸኩል፣ ወንድሜ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ፣ አየሩ ቀንሶ ነዳጁ ብዙም ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ጥላሸቱም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። አስቀድመህ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ቾኩም (ሞተሩ ብርድ ሳለ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያለውን ብሎን) በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለ መቀየር ይበቃል። ነገር ግን በዚያው ጄት ወደ መተማ ቆላ የምትወርድ ከሆነ ጉዳዩ ይገለበጣል፦ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም በሙቀት ላይ ሙቀት ይጨመርበታል። በተለይ በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያውን ነፋስ ስለሚጋፋው ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ አብልጦ ይግላል። የድሮውን ጄት አትጣለው፤ በጨርቅ ጠቅልለህ ከመፍቻው ጋር በመኪናህ ውስጥ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ቫልቮላ የሚስተካከለው ሞተሩ ሞቆ ነው ወይስ ቀዝቅዞ?

ቀዝቅዞ፤ በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኞቹ ላይ 0.15 ሚሊሜትር ነው። እኔ በአንድ መካኒክ ምክር ሞቃት ሳለ አስተካክዬ፣ በማግስቱ ማለዳ ብርድ ላይ ስትነሳ እያነጠሰች አስቸግራኛለች። ይህ ሞተር ሲሞቅ ክፍተቱ ስለሚሰፋ፣ በሙቀት የተለካው ሲቀዘቅዝ ይጠብባል፤ ክፍተቱ ጠብቦ በደንብ የማይዘጋ ቫልቮላ ደግሞ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ፊያት ሰይቼንቶ ያለው ሰው አባል መሆን ይችላል?

የእኛ ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ሰይቼንቶ ግን ሞተሯ እንደ ቮልስ ከኋላ ቢሆንም የምትቀዘቅዘው በውኃ ነው፤ ከፊያቶቹ በአየር የምትቀዘቅዘው እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ቺንኳቼንቶ ናት። ይሁንና ይግባ ባይ ነኝ። ሁለቱንም የሚያውቃቸው መካኒክ ያው አንድ ሽማግሌ ነው፤ በራዲያተር ምክንያት ሰው ማባረር ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ደላሎች ቡድኑን ሞሉት። እናስወጣቸው?

መለዋወጫ ያለ ሻጭ አይገኝም፤ ስለዚህ ሥርዓት እናብጅላቸው። ዋጋና ፎቶ የሌለው ማስታወቂያ ይነሳ። ፎቶውም ዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር ያሳይ፤ ብዙዎቹ የቮልስ ዕቃዎች ቁጥራቸው በ111 ወይም በ113 ይጀምራል። «በውስጥ መስመር አናግሩኝ» የሚለውን እኔ በበኩሌ አላምነውም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። ምን ይሻላል?

ይህ የሁላችንም ችግር ነው። በእኔ በኩል የተፈቱትን ጥያቄዎች በእጄ እየገለበጥኩ ወፍራም ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ደብተሩም ፒያሳ አካባቢ መለዋወጫ በሚሸጥ አንድ አባላችን ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ መጥቶ ማንበብና መጻፍ ለሁሉም ክፍት ነው። ስልክ የማይጠቀሙት አንጋፋ መካኒኮችም የሚሳተፉት በዚሁ በኩል ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ስክሪብቶ የሰፈረው ይህ ነው፦ እየነዳችሁ ሳለ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ከበራች ወዲያውኑ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ አንድ ነውና፣ ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ያለ ነፋስ እየሠራ ነው።