አል ዓይንን ለማየት ያሰባችሁ ጠይቁኝ

አቡ ዳቢ ኤሚሬት ውስጥ፣ ኦማን ድንበር ላይ ባለችው አል ዓይን ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፤ እረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ ይበቃኛል?

መልስ፦ በጠዋት ከተነሳሽ ይበቃሻል እህቴ። ከአል ጉበይባ መናኸሪያ ኢ201 አውቶቡስን ያዢ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የአውቶቡስ መክፈያውን የኖል ካርድሽን ቅዳሜ ማታ ሙዪው። ሁሉንም ልይ ካልሽ ግን ምንም ሳታዪ ትመለሻለሽ። ኦሲሱን (በበረሃ መካከል ያለውን ለምለም ቦታ)፣ የጃሂሊን ምሽግና የኤሚሬቶች የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሼክ ዛይድ እስከ 1966 የኖሩበትን ቤተ መንግሥት ብቻ ያዢ፤ ቅርብ ለቅርብ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኦሲሱ ያው የዘንባባ መናፈሻ አይደል? ምኑ ያስደንቃል?

መልስ፦ መናፈሻ ሳይሆን እርሻ ነው። ከ147,000 በላይ የቴምር ዛፍ አለው፤ ማሳው በግንብ ተከፋፍሎ በመካከሉ ጥላ ያለው መንገድ ያልፋል። መግቢያው ነጻ ነው። የሚገርመው ግን ውሃው ነው። ፈለጅ ይሉታል፦ የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ፣ ከመሬት በታች በተቆፈረ ቦይ ተጉዞ ማሳው ላይ ይወጣል። ከዚያ እንደ እኛ አገር መስኖ በተራ ነው። አንድ ማለዳ ሠራተኛው የቦዩን አፍ በድንጋይና በአሮጌ ጨርቅ ደፍኖ ውሃውን ወደ ጎን ሲያዞረው ቆሜ አየሁ፤ ደረቁ አፈር እየተንሿሿ ጠጣው። ከሙዚየሙ ሁሉ ያ ነው የማይረሳኝ። ዩኔስኮም በ2011 ይህንንና ሌሎቹን የአል ዓይን ኦሲሶች ከሐፊት፣ ከሂሊና ከቢዳ ቢንት ሳዑድ ጥንታዊ ሥፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። በነገራችን ላይ የከተማዋ ስም ምንጭ ማለት ነው፤ በግዕዙም «ዐይነ ማይ» እንል የለ? ፈለጅም የግዕዙ «ፈለግ» ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ ፈቃዴ ነሐሴ ላይ ነው። ልሂድ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርብህ። እኔ ከተማዋን መጀመሪያ ያየኋት በነሐሴ እኩለ ቀን ነበር፤ ሙቀቱ 45 ዲግሪ አልፎ፣ ያየሁት የሱቅ ኤሲ ብቻ ነው። የነሐሴ ጥቅሙ ሩጠብ፣ ማለትም እሸት ቴምር መብላት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ቢሆን ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። ጀበል ሐፊት እንዴት ልውጣ?

መልስ፦ በታክሲ። ተራራው 1,200 ሜትር ስላለፈና ጠመዝማዛ ስለሆነ በእግር አትሞክረው። ላይ ሌላ ታክሲ ስለማታገኝ ሹፌሩ እንዲጠብቅህ ከመነሳትህ በፊት ዋጋ ተነጋገር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድረስ።

ጥያቄ፦ የግመል ገበያውስ?

መልስ፦ በጠዋት ሂዱ። «ና ላሳይህ» ብሎ ካስጎበኘ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ወደ ቡረይሚ ብሻገርስ?

መልስ፦ ቡረይሚ ኦማን ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዘህ ከወጣህ መመለሻህ ሌላ ቪዛ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ምን ላሳያት?

መልስ፦ ተራራው ግርጌ ያለው ሙበዘራ ውሰጃት። ሣር የለበሰ ነው፤ ፍል ውሃው በቦይ ስለሚወርድ ዳሩ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትነክራለች። ጠበል እንዳልሆነ ቀድመሽ ንገሪያት እንጂ በጠርሙስ ቅጂልኝ ማለቷ አይቀርም። ጋቢዋን አትርሺ፤ በጥር ማታ ማታ ይበርዳል።