ከሰው ጋሻ ላይ ሞልድ ስለማውጣትና ስም ስለመጥቀስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከአንድ ባለሙያ የተገዛ የፋይበር ግላስ ጋሻ አለ፤ ለዓድዋ በዓል ትርዒት ደግሞ 40 ጋሻ ተፈልጓል። ከተገዛው ላይ ሞልድ (ቅርጹን ቀድቶ የሚይዝ ማፍሰሻ) አውጥቶ ማባዛት ነውር አለው? የሠሪውን ስም ብጠቅስስ?

ወንድሜ፣ ጋሻ መሥራት ማንንም አያስከፋም። ጋሻውም ጎፈሩም ጦሩም የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ማንም "የኔ ነው" ሊል አይችልም። የሚያስከፋው ሰውዬው ጭቃ አቡክቶ፣ ሞርዶ፣ አለስልሶ ያወጣውን ገጽ በአንድ ከሰዓት ቀድቶ መውሰድ ነው። ገዝተኸዋል፤ መድረክ ላይ ብታወጣው፣ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው፣ መልሰህ ብትሸጠው መብትህ ነው። ማባዛት ግን ከዋጋው ውስጥ አልነበረም። ስም መጥቀስም ፈቃድን አይተካም። "የእገሌ ሥራ" ብለህ 40 ብታወጣ ገበያውን ወስደህበት ስሙን ትተህለታል፤ ያውም በተበላሸ ቅጂ ላይ።

ቅጂው ይበላሻልና። ፖሊስተር ሬዚን (የመስታወት ፋይበሩን ይዞ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ሲደርቅ ይኮማተራል። መጠኑ እንደ ሬዚኑና እንደ ፋይበሩ ብዛት ይለያያል፤ 1 በመቶ ብቻ ብንል እንኳ 50 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጋሻ ግማሽ ሳንቲ ያንሳል፤ ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ ሲወጣ ወደ 49 ይወርዳል። የጌጡ ጠርዝ ይደነዝዛል፣ ቀለም ውስጥ ተጣብቆ የቀረ የብሩሽ ፀጉርና የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ግን ሳይቀር ይቀዳል። ልምድ ያለው ሠሪ የራሱን ሥራ የሚለየው በነዚህ ነው፤ ሜትርና አንድ ጭረት ይበቁታል። ሌላም አደጋ አለ፦ ቀለም በተቀባ ጋሻ ላይ በቀጥታ ሬዚን ብታፈስ ሬዚኑ ቀለሙን ያሟሟዋል፤ እንዳይጣበቅ የሚደረገው ሰም በደንብ ካልተቀባ ሞልዱና ጋሻው ተጣብቀው ሁለቱንም ታጣለህ።

በሕጉም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽን ይጠብቃል፤ ሐሳብን አይጠብቅም። በሥራው ላይ የደራሲነት እውቅና የማግኘት መብትም ከገንዘቡ መብት ተለይቶ ተቀምጧል። ነገር ግን አንድ ፕሮፕ (ለትርዒት ወይም ለፊልም የሚሠራ ዕቃ) "ቅርጻ ቅርጽ" ነው ወይስ መገልገያ የሚለው ራሱ ያከራክራል። የስታር ዋርስ ፊልምን ነጭ የወታደር ሄልሜት ጉዳይ ተመልከት። ሥዕሉን ራልፍ ማኳሪ ሣለ፣ የጭቃውን ሞዴል ኒክ ፔምበርተን ሠራ፣ ፕላስቲኩን ቀርጾ ያወጣው አንድሩ አይንስዎርዝ ነበር። አይንስዎርዝ ከዓመታት በኋላ ቅጂዎቹን ለሽያጭ ሲያቀርብ የፊልሙ ኩባንያ ሉካስፊልም ከሰሰው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ሄልሜቱ ቅርጻ ቅርጽ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ የአሜሪካ ቅጂ መብት ጥሷል የሚለው ክስ ግን እዚያው እንግሊዝ ሊታይ እንደሚችል ፈቀደ። ለኛ የሚጠቅመው ከውሳኔው ይልቅ የሰዎቹ ዝርዝር ነው፦ ለአንድ ሄልሜት ሦስት እጅ። "ማን ሠራው" ሲባል አንድ ስም ብቻ መጻፍ ብዙ ጊዜ ሌሎቹን መካድ ነው።

ስለዚህ ፎቶ ስትለጥፍ እያንዳንዱን ድርሻ ለይተህ ጻፍ (ካስት ማለት ከሞልዱ የሚወጣው ቅጂ ነው)፦ "መነሻ፦ የሙዚየም ጋሻ ፎቶ። ቅርጽ፦ እገሌ። ሞልድና ካስት፦ እኔ። ቀለም፦ እገሊት።" መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን፤ ታች ካደረግከው ፎቶው ሲዘዋወር ተቆርጦ ይቀራል። ለፊልም ከሆነ ስሞቹ በመጨረሻው ዝርዝር እንደሚገቡ ከቀረጻ በፊት በውል ይጻፍ፤ ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ ማንም አይሰማህም።

ቅጂው የግድ ከሆነ ሠሪውን ጠይቀው። "ልኮርጅ ወይ?" ብለህ ሳይሆን እንዲህ፦ "ከጋሻህ ላይ አንድ ሞልድ አውጥቼ 40 ካስት ለዚህ ትርዒት ብቻ ልሥራ፤ በአንዱ ይህን ያህል ልክፈልህ፤ ሲያልቅ ሞልዱን ላስረክብህ።" ቁጥሩ፣ ዓላማው፣ ክፍያው፣ የሞልዱ ዕጣ፤ አራቱም በጽሑፍ። ዝም ካለህ እንደ እሺታ አትቁጠረው።

እምቢ ካለህ ደግሞ የራስህን መሥራት ያን ያህል አይከብድም፤ ጋሻ ክብ ነውና። የጎኑን ቅርጽ ግማሹን በቆርቆሮ ቁረጥና በእንጨት ደግፈህ መሐል ላይ በቆመ የብረት ዘንግ ዙሪያ እንዲዞር አድርግ። ከሥሩ የተሰባበረ ስታይሮፎምና ጆንያ ከምር፤ ለ1 ኪሎ ጀሶ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ እያቦካህ በስሱ በስሱ አፍስስና ቆርቆሮውን አዙረው። ክብ ክብ መስመሮቹ ከቆርቆሮው ጥርስ ራሳቸው ይወጣሉ። ጌጡን ከሙዚየም ፎቶዎች አይተህ በራስህ እጅ ቁረጥ፤ እውነተኛውን ቅርስ ግን በሲሊኮንም በጀሶም እንዳትነካው።

ጀሶው እስኪደርቅ ታገስ። ርጥብ ጀሶ ላይ የፈሰሰ ሬዚን ላዩ ሳይደርቅ እንደተጣበቀ ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ፣ ከዚያ አራት አምስት ጊዜ ሰም። ለሞልዱ አራት ወይም አምስት ድርብ ፋይበር፣ ለካስቱ ሁለት ይበቃል። ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ኬሚካል) ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም፤ ቶሎ ይድረቅ ብለህ ስታበዛው ይግላል፣ ይሰነጠቃል።

ከኢንተርኔት ለሦስት ዲ ማተሚያ የሚወርድ ፋይል ካገኘህም ፈቃዱን አንብብ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው የነጻ አጠቃቀም ፈቃድ ላይ "ኤንሲ" (NC፣ ለንግድ ያልሆነ) የሚል ካለበት የታተመውንም ለገንዘብ መሸጥ አይቻልም፤ "ኤንዲ" (ND፣ ለውጥ የሌለው) ካለ አሻሽለህ ለራስህ ልትይዘው ትችላለህ፣ ማሰራጨት ግን አትችልም። "ባይ" (BY፣ ስም መጥቀስ) ብቻ ከሆነ የሠሪውን ስም፣ የፈቃዱን ዓይነትና የለወጥከው ነገር ካለ እሱን ጽፈህ መሸጥም ትችላለህ።

ለበዓሉ የቀረህ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ 40ውን ከዚያው ባለሙያ ማዘዝ ወይም መከራየት ይሻልሃል፤ ጀሶው ብቻ ለመድረቅ አብዛኛውን ጊዜ ይበላብሃል።