ለውሻዬ ብዬ ማስተርሱን ልተወው ወይ ላልሽኝ

እሺ እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ጀርመን ማስተርስ ደርሶሽ ትምህርቱ ኦክቶበር ላይ ይጀምራል፣ ውሻዬን መቻልን ግን ከግቢው ዘበኛ ሌላ የሚይዝልኝ የለም፣ ይዤው ልሂድ ወይስ እድሉን ልተወው ነው። እድሉንማ አትተይውም። ይዘሽው መሄዱ ግን ለዚህ ኦክቶበር አይደርስም፣ አሁን ነሐሴ ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ከኛ አገር ለሚገባ ውሻ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ (ቆዳው ስር የምትገባ መለያ ቁጥር ያላት ትንሽ ነገር) ከዛ የእብድ ውሻ ክትባት ይላል (ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርልሽም)፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድና እነሱ ፈቃድ በሰጡት ላብራቶሪ ይመረመራል፣ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ እንኳን ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ትጠብቂያለሽ። በጠቅላላ አራት ወር በይው። ለዛ ነው ውጭ የምታመለክቱ ልጆችን ቺፑን ማመልከቻ በምታስገቡበት ሳምንት አስደርጉ የምለው፣ ቪዛ ሲመጣማ አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቻሽን ትሄጃለሽ፣ በሚቀጥለው ክረምት መጥተሽ ትወስጂዋለሽ። እስከዛ ውሻ የሚፈቅድ ቤት ፈልጊ፣ ብዙ የተማሪ ዶርም አይፈቅድም፣ ደሞ እዛ ለውሻ ማዘጋጃ ቤቱ በየአመቱ ግብር ያስከፍላል ሳትስቂ ስሚኝ።

የግቢው ዘበኛ "ችግር የለም እኔ አለሁ" ብሎኛል ያልሽው ነው ያሳሰበኝ። እኔ ለስራ ሐዋሳ ስዛወር ድመቴን አደራ ብዬ ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ሴትዮዋ ደግ ናቸው፣ ግን በሁለት ወራቸው አከራያቸው አስወጣቸውና የገቡበት ቤት እንስሳ አይፈቅድም ተባሉ፣ እኔ የሰማሁት ድመቷ ከጠፋች በኋላ ነው። ዘበኛም ስራ ይቀይራል። ሁለተኛ ሰው ያዢ፣ ሁለቱም ስልክ ይለዋወጡ፣ የክትባት ካርዱን ፎቶ ለሁለቱም ላኪ፣ ወር በገባ ቁጥር የምግቡን በቴሌብር አስገቢ። በፆም ወር ደሞ ምን እንደሚበላ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ስጋ ቤቱ ዝግ፣ የቤቱ ፍርፋሪ ሽሮ በእንጀራ ብቻ፣ መቻል ደሞ ባልሽኝ መሰረት ሽሮ አሽትቶ ነው የሚሄደው።

የቅበላውን ኢሜል ዛሬ ማታ መልሺላቸው፣ ነገ ጠዋት መቻልን ይዘሽ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቺፑ ሳይገባ መርፌውን እንዳትስወጊው አደራ።