ባለፈው ዓመት ከጆሮዬ ያልወጡ ዘፈኖች

«ባለፈው ዓመት ደጋግማችሁ የሰማችሁት ዘፈን የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ የኔ አዲስ ዘፈን አይደለም። የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ለሥራ ስመላለስ በየቀኑ ሰምቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ድምፁን ትተህ ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተል። ዘፈኑን ወደፊት የሚገፋው እሱ ነው። ማህሙድ ደግሞ ከላይ ድምፁን ያንቀረቅበዋል። እኔ እስካሁን አልጠገብኩትም!

ማታ ኮንዶሚኒየሙ ጸጥ ሲል የአስናቀች ወርቁን ክራር እከፍታለሁ። ትዝታ ስትጫወት ክራሩና ድምጿ እንደ ሁለት ሰው ያወራሉ። ከአዲሶቹ ሮፍናንን ወድጄዋለሁ፤ የባህሉን ምት ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ሲያዋህድ ለዛውን አያጠፋውም። ግን በጥሩ ማዳመጫ ስማው፤ በስልክ ስፒከር ግማሹ አይሰማህም።