የፊን ሞላ ማሰሪያ፦ መምረጥና መግጠም (ጥያቄና መልስ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የወሎ ልጆች። ለሥራ ጅቡቲ ወርዳችሁ መጥለቅ የተማራችሁም ሆነ ገና ለመማር ያሰባችሁ፣ ስለ ፊን (ጠላቂ እግሩ ላይ የሚያጠልቀው መቅዘፊያ) ማሰሪያ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ጅቡቲ ከጠላቂዎች ጋር ስሠራ ኖሬ አሁን ኮምቦልቻ ስላለሁ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ተረከዝን የሚይዘው የሞላ ማሰሪያ እንደ ጎማው ማሰሪያ በዘለበት አይጠብቅም፣ አይላላም። ልኩ የሚወሰነው ስትገዙት ነው። ስለዚህ የምትጠልቁበትን ቡት (ፊኑ ውስጥ የሚደረገውን ጫማ) እግራችሁ ላይ ሳታደርጉ አትግዙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፊኔ ከነጎማ ማሰሪያው ነው የገዛሁት፤ ደህና ይሠራል። ሞላ ለምን ያስፈልገኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ደህና ከሠራ ግድ የለብህም ወንድሜ። ጎማ ግን ፀሐይና ጨው ያደርቀዋል። ማሰሪያውን ዘለበቱ አጠገብ በሁለት ጣትህ እጠፈውና ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ካሉ ዕድሜው አልቋል። የሚበጠሰው ደግሞ ስትስበው ነው፤ ማለትም ጀልባው ላይ ቁጭ ብለህ ልትገባ ስትዘጋጅ።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ስትወርድ የቡትህ ኒዮፕሪን (ስፖንጅ መሰሉ ጎማ) በውሃው ግፊት ይሳሳል። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው 3 እጥፍ ነው፤ ላይ ሆነህ ልክ አድርገህ ያጠበቅኸው ጎማ እዚያ ሲደርስ ይላላል፤ ፊኑም እግርህ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል። ሞላ ግን ቡቱ ሲሳሳ አብሮ ይሰበሰባል፣ ስትወጣም አብሮ ይለጠጣል። በዚያ ላይ እጅህ ጓንት ለብሶ እንኳ ኋላ ያለችውን መጎተቻ ስበህ በአንድ እጅ ታጠልቀዋለህ።

ፊንህ ተረከዙ ክፍት የሆነው ዓይነት መሆኑን ግን አረጋግጥ። እንደ ጫማ ሙሉ እግር የሚያስገባው ማሰሪያ የሚባል ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ጫማዬ 42 ነው። የትኛውን ልክ ልግዛ? (ከደሴ)

መልስ፦ በጫማ ቁጥር ብቻ አትግዛ። 42 የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች አንዱ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቡት፣ ሌላው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ቡት ካደረጉ የሚያስፈልጋቸው ሞላ አንድ አይደለም።

ቡትህን ውሃ ነክረህ አጥልቀው፤ ደረቅ ቡት የፊኑ እግር ማስገቢያ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር የውሸት ልክ ይሰጥሃል። እግርህን ፊኑ ውስጥ እስከ መጨረሻው ግፋው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ወስደህ ከአንዱ ጎን የማሰሪያ መያዣ ተነስተህ፣ በተረከዝህ ዞረህ፣ እስከ ሌላው ጎን መያዣ ለካ። ይህን ቁጥር ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር አስተያየው። የአንዱ ኩባንያ መካከለኛ ለሌላው ትልቅ ሊሆን ስለሚችል የሌላ ኩባንያ ሰንጠረዥ አትጠቀም።

ካደረግኸው በኋላ ጥምዞቹን ተመልከት። ያልተለጠጠ ሞላ ጥምዞቹ ይነካካሉ። እግርህ ላይ ሲሆን በመካከላቸው ትንሽ፣ ግን ዙሪያውን እኩል የሆነ ክፍተት መታየት አለበት። ምንም ክፍተት ከሌለ ሞላው ረዝሞብሃል፤ ፊኑ ውሃ ውስጥ ይወልቃል። በጣም ከተበረገደ ደግሞ አጥሮብሃል። ቁጭ ብለህ እግርህን ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው፤ ተረከዝህ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። አድርገኸው ጥቂት ቆይ። ጣቶችህ ከደነዘዙ ወይም ባትህን ከያዘህ፣ ውሃ ውስጥ ይብስብሃል።

ጥያቄ፦ እግሬ 37 ነው። ሞላው የተረከዝ ጅማቴን ይቆርጠኛል። በኃይል ስቤ ባረዝመውስ? (ከደሴ)

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ከአቅሙ በላይ የተሳበ ሞላ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ አንዱ ጎን ረዝሞ ሌላው አጥሮ ይቀርና ፊኑ እግርሽ ላይ ይጣመማል። መቁረጥም እንዲሁ አይታሰብም።

መጀመሪያ የት እንዳረፈ እዪው። ብዙ ቡቶች ከተረከዙ ኋላ ማሰሪያው እንዳይንሸራተት ወጣ ያለ የጎማ ጠርዝ አላቸው፤ ሞላው ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው። ወደ ላይ ሸሽቶ ለስላሳው ጅማት ላይ ከወጣ፣ ወይ እግርሽ ሙሉ በሙሉ አልገባም፣ ወይ ሞላው አጭር ነው። ቦታው ትክክል ሆኖም ካመመሽ ሰፋ ያለ የተረከዝ መደገፊያ ያለውን ምረጪ፤ ጫናውን ይከፋፍለዋል። ሕመሙን ችዬ ልጥለቅ አትበይ። ማሰሪያ ሲጠብቅ ባት ሊይዝ ይችላል፤ ሞገድ ላይ እግር ከከዳሽ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለመግጠም ካቻቢቴ ያስፈልጋል?

መልስ፦ እንደ ፊኑ ነው። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ጉብ ያለ መያዣ አለው፤ የሞላው ጫፍ እሱ ላይ ይጠልቃል። አንዳንዱ ዘለበቱ ተነቅሎ በቡሎን ይታሰራል። ስለዚህ ሞላ ከመግዛትህ በፊት የፊንህን መያዣ ከጎን ፎቶ አንስተህ ለሻጩ አሳየው።

ስትገጥም የቡሎኑ ራስ ወደ ውጭ ይሁን እንጂ ወደ ቁርጭምጭሚትህ አይዙር። መጎተቻው ወደ ኋላ፣ ለስላሳው መደገፊያ ወደ ተረከዝህ ይሁን። ሞላው ተጠምዞ እንዳይቀመጥ፣ ካሰርህ በኋላ አንዴ ስበህ ልቀቀው። ጉዳት የሚመጣው ከሞላው ከራሱ ይልቅ ከመያዣው ስለሆነ፣ ከመግባትህ በፊት ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎን ነካ ነካ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ የሞተር ሳይክል ሞላ አገኘሁ። ልኩን ቆርጬ ብሠራውስ? ብረቱን በማግኔት ብፈትነውስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የኮምቦልቻ ሰው እጁ ብረት ያውቃል፤ ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ የምወደው። ግን ተው። ከሞተር ሳይክል ሾክ አብዞርበር የወጣ ሞላ ሲጫኑት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ጥምዞቹም ከመጀመሪያው የተራራቁ ናቸው። ለፊን የሚሆነው ግን ሲስቡት የሚመልስ፣ ጥምዞቹ የተጠጋጉ ሞላ ነው። ሥራቸው ተቃራኒ ነው። የተቆረጠው ጫፍም ቡትህን ይቀድድብሃል።

ብረቱም ሌላ ነው። የተሽከርካሪ ሞላ ብዙውን ጊዜ ስቴንለስ አይደለም፤ ጨው ውሃ ቶሎ ያዝገዋል። ለባሕር የሚመረጠው ቁጥር 316 የሚባለው ስቴንለስ ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨው ሲበላው ይቋቋማል። ማግኔቱ ደግሞ አያስተማምንም፤ ጥሩ ስቴንለስም ሳይሞቅ ተስቦ ሽቦ ሲሆን ትንሽ ማግኔት መያዝ ይጀምራል። ገንዘቡ ካልሞላልህ ለፊንህ የተሠራ አዲስ ጎማ ግዛ፤ በእርካሽ ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ብጠልቅበትስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ማሰሪያው ጨው የሌለበት ውሃ ውስጥ ይበልጥ ይኖራል። የአጥማጆች መረብ ባለበት ውሃ ሞላ የሚንጠለጠል የጎማ ጫፍ ስለሌለው የመያዝ ዕድሉ ያንሳል፤ ይህ ጥሩ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የባሕሩ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ጊዜ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራም። የከፍታ ሥልጠና ሳትወስድ፣ ብቻህን፣ እንዳትገባ።

ጥያቄ፦ እሁድ ከሰዓት ጅቡቲ ጠልቄ ማታውኑ ወደ ደሴ ብነሳ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከማሰሪያውም በላይ ይህን ስማኝ። ስትጠልቅ ሰውነትህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ የአየሩ ግፊት ወደሚያንስበት ከፍታ ብትወጣ ይጎዳሃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እንኳ ቢበዛ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳለህ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ ከጠለቅህ በኋላ ደሴ መውጣት አውሮፕላን እንደመሳፈር፣ እንዲያውም ትንሽ የባሰ ነው። ለበረራ የሚሰጠው ምክር አንዴ ቀለል ባለ ሁኔታ ከጠለቅህ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ከጠለቅህ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ መውጫ ላይ የግዴታ ማቆሚያ ካደረግህ ከዚያም ይበልጣል። ሰዓቱን ከመጨረሻው ውሃ ከወጣህ ጀምረህ ቁጠር። ደሴ ለመግባት ደግሞ ከ18ቱም ጨምር። ከሚሌ ወደ ባቲ የሚወጣውን ዳገት ሌሊት አትጀምር፤ ጅቡቲ እደርና ሰዓቱ ሲሞላ ተነሳ።

ጥያቄ፦ እንዴት ላቆየው? አሮጌውን ጎማስ ልጣለው?

መልስ፦ ከጠለቅህ በኋላ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ነክረህ፣ እዚያው ውስጥ ሳብ ለቀቅ አድርገው፤ ጥምዞቹ መካከል የገባው ጨው የሚወጣው እንዲህ ነው። ላዩ ላይ ሽፋን ካለው ገልብጠህ እጠበው፤ ሽፋን ውስጥ የቀረ ጨው ስቴንለስንም ያቆሽሻል። ጥላ ላይ አድርቀው፣ ሳይለጠጥ አስቀምጠው። ሻይ የመሰለ ቀለም ካየህ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው፤ ብረቱ ተቦርቡሮ ካገኘኸው ቀይረው።

ጎማውን ስንጥቅ ከሌለበት አትጣለው። ከነዘለበቱ ቦርሳህ ውስጥ ይደር፤ ጅቡቲ ታጁራ ላይ ጀልባ ውስጥ ሆነህ የሞላ መያዣ ቢሰበርብህ፣ የዚያን ቀን መጥለቅህን የሚያድነው እሱ ነው።